የጅማን በርጩማ ኮንዶሚኒየም ማስገባት

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ቡፌ፣ አልጋ፣ ያዘዙንን ሁሉ እንሠራለን። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሚመጣው ደንበኛ አብዛኛው የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ «ዘመናዊ ይሁን፣ ግን ባህላዊ ነገር ይኑርበት።» ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየኛል። ፎቶው ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ያው የምናውቀው ሶፋ ነው። ጠርዙ ላይ ጥለት ተሰፍቶበታል፣ መደገፊያው ላይ የላሊበላ መስቀል ተቀርጾበታል፣ በቃ።

ፍላጎቱን በጣም ነው የምወደው። ሰው ቤቱ ውስጥ የራሱን ነገር ማየት ሲፈልግ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ያንን ጥለት ብታነሱት ሶፋው ያው ሶፋ ነው፤ የሚጎድልበት ነገር የለም። የድሮ ዕቃዎቻችን እንደዚህ አልነበሩም። እያንዳንዱ ቅርጽ የመጣው ከሆነ ችግር ነው። ወለሉ ወጣ ገባ ነው፣ ምስጥ አለ፣ ሚስማር የለም፣ ቤቱ ጠባብ ነው፣ እንግዳው ብዙ ነው። ችግሩን ካወቃችሁ መፍትሔው ዛሬም ይሠራል፤ አንዳንዴ ከውጭ ከሚመጣው ዕቃ በተሻለ ይሠራል። ሥራዬን በዚህ መንገድ ማየት ከጀመርኩ ወዲህ ነው እጄ የተፍታታው። ስለዚህ ለሚሠራም ለሚያዝም ይጠቅም እንደሆነ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በጅማ በርጩማ ልጀምር፣ ብዙ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሦስት እግር፣ ጎድጎድ ያለ ክብ መቀመጫ፣ ሁሉም ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የወጣ። ሚስማር የለው፣ ኮላ የለው። ከፍ ያለ መደገፊያ ያለው ዓይነትም አለ። ጅማ ከተማ ያለው ሙዚየም ውስጥ የዳግማዊ አባ ጅፋር ዕቃዎች ተቀምጠዋል፤ ጅሬን ላይ ደግሞ ቤተ መንግሥታቸው አለ። ጅማን የገዙት ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ነው። የአካባቢው የእንጨት ሥራ የት ድረስ እንደደረሰ ማየት የፈለገ ሰው ሁለቱንም ሄዶ ይይ።

ለእኔ ግን ነገሩ ይበልጥ የገባኝ መንገድ ዳር ከሚጠርቡ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። ግንዱን አቁመው አናቱ ላይ በከሰል ሦስት ምልክት አደረጉ። መቀመጫውን መቦርቦር የሚጀምሩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ገልብጠው ወደ እግሩ ሄዱ።

«አባባ፣ መቀመጫውስ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እግሩ የት እንደሚቆም ሳይታወቅ መቀመጫ አይነካም» አሉኝና ከጎናቸው ካለቁት አንዱን አንስተው ጠጠሩ ላይ ጣል አደረጉት። «በል ተቀመጥበት።»

ተቀመጥኩ። ንቅንቅ የለም። ባለ አራት እግር ወንበር እዚያ ጠጠር ላይ ቢሆን አንዱ እግር አየር ላይ ይቀር ነበር። ሦስት ከሆኑ ግን የትም አስቀምጧቸው፣ ሦስቱም መሬት ይይዛሉ። በእበት ለተለቀለቀ ወለል የተገኘ መላ ነው። አሁን ደግሞ የኮንዶሚኒየሞቻችንን ወለል ተመልከቱ፤ ሴራሚኩ እኩል ያልተነጠፈበት ቤት ስንት አለ! ወንበሩ እንዳይወዛወዝ ሥሩ ካርቶን አጥፎ የማያስገባ ሰው ማን ነው?

ልትሠሩት ካሰባችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሦስቱ እግሮች መሬት የሚነኩበትን ነጥብ በሐሳባችሁ በመስመር አገናኙት። ሦስት ማዕዘን ይወጣል። የተቀመጠው ሰው ክብደት ከዚያ ሦስት ማዕዘን ውጭ ካረፈ በርጩማው ይገለበጣል። እግሮቹ ከመሐል 18 ሳንቲ ሜትር ርቀው ከቆሙ፣ በሁለት እግሮች መካከል ያለው መስመር ከመሐል የሚርቀው 9 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ ግማሹ ነው። 24 ብታደርጉት 12 ይሆናል። የጅማው በርጩማ እግሩን ወደ ውጭ ዘመም ያደረገው ለቆንጆነት ብቻ አይምሰላችሁ። በዚያ ላይ ዝቅ ያለ ነው። እኔ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰዎች ስሠራ ቁመቱን ወደ 42 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደርገዋለሁ፣ ምክንያቱም ዝቅ ካለ መቀመጫ መነሳት ይከብዳቸዋል። ከፍ ባለ ቁጥር ግን እግሩም ከመቀመጫው ጠርዝ አልፎ መውጣት አለበት። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ በዚህ ነገር አትደራደሩ።

ሦስት እግር ኋላ ቀር ነው የሚል ደንበኛም ይገጥማችኋል። ፊንላንዳዊው አርክቴክት አልቫር አልቶ በ1933 እ.ኤ.አ. ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነድፎ እስከ ዛሬ ድረስ ይመረታል፤ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረበ ጥግ ላይ ይቀመጣል። ለስቱዲዮና ለባለ አንድ መኝታ ቤት ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ስምንት እንግዳ ሲመጣ ስምንት መቀመጫ ይኖራችኋል፣ እንግዳው ሲሄድ ደግሞ ክፍሉ ክፍል ሆኖ ይቀራል። ብቻ ለመደራረብ እግሮቹ ከመቀመጫው ጠርዝ ጋር እንዴት እንደሚገናኙ ከመጀመሪያው ማሰብ ያስፈልጋል፣ በኋላ አይስተካከልም።

አሁን ወደ እንጨቱ። የጅማ በርጩማ እንጨት ዋንዛ ነው። ዋንዛ ለቡና ጥላ የሚሆን ዛፍ ነው፤ ቡናው ከሥሩ ያድጋል፣ ቡናው ሲፈላ የሚቀመጡበት በርጩማ ደግሞ ከዚያው ዛፍ ይወጣል። ይህን ሳስበው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ችግሩ ዋንዛ እንደ ድሮው የለም። ገና በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ከአንድ ግንድ ጠርቦ ማውጣት ደግሞ ከግንዱ አብዛኛውን ፍልጥ ያደርገዋል። ያንን ዓይነት ሥራ በብዛት ለከተማ እንሥራ ብንል ዛፉን እንጨርሰዋለን። ለነገ የሚያስብ ሰው የሚሠራው ሥራ አይደለም።

ስለዚህ እኔ ቅርጹን ለያይቼ ነው የምሠራው። መቀመጫውን ከሳንቃ አጣብቄ እቦረቡረዋለሁ፣ ሦስቱን እግሮች ለብቻ ሠርቼ በመቀመጫው ቀዳዳ አሳልፌ ከላይ በሽብልቅ እወጥራቸዋለሁ። ከአንድ ግንድ ይወጣ ከነበረው በላይ ብዙ መቀመጫ ይወጣል። አንድ እግር ቢሰበር እሱ ብቻ ይቀየራል። ዋንዛ የምጠቀመው ገበሬ ከራሱ ማሳ በፈቃድ ቆርጦ ሲሸጥ ብቻ ነው፤ ሻጩን ወረቀቱን ጠይቁት፣ ወረቀት የለኝም ካለ ተዉት። ለቀረው ግራቪሊያ አለ። ግራቪሊያ ቀላል ነው፣ በደንብ ሲላግ በውስጡ የሚያበራ ዥንጉርጉር መልክ አለው፤ ሰው ምን እንጨት ነው ብሎ ይጠይቃል። ባሕር ዛፍም ይሠራል፣ ግን ቶሎ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። በጥላ ሥር፣ በመሐሉ አየር እንዲያልፍ ተደርድሮ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። በእኛ ሙያ የሚባለው ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ነው። ደንበኛው በሳምንት ውስጥ አምጣ ሲል እርጥብ እንጨት ላይ መሥራት ይመጣል፤ ክረምት የተጋጠመው በጋ ሲገባ አፉን ይከፍታል። ትዕግሥት የሌለውን ሰው ባትቀበሉት ይሻላል።

ሁለተኛው ትልቅ ትምህርቴ ከአክሱም ነው። የአክሱምን ሐውልቶች ፎቶ ያላየ የለም። በሩ፣ መስኮቱ፣ በመደዳ የወጡት ክብ ክብ ጉጦች፣ ሁሉም ድንጋይ ላይ የተቀረጹ ናቸው። እነዚያ ጉጦች የዝንጀሮ ራስ ይባላሉ። ብዙ ሰው ጌጥ ይመስሉታል፤ ፋብሪካ የሠራው ቡፌ ላይ ተለጥፈውም አይቻለሁ። እውነተኛውን ለማወቅ ደብረ ዳሞን ማየት ነው። እዚያ ግድግዳው ራሱ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ ነው የተሠራው። ርዝመቱን ይዘው የሚሄዱ አግዳሚዎች አሉ፤ እነሱን ደግሞ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ እያቋረጡ የሚያስሩ አጫጭር እንጨቶች አሉ። የዝንጀሮ ራስ የምንለው የእነዚህ አሳሪ እንጨቶች ጫፍ ነው፣ ወደ ውጭ የወጣው። ሐውልቱ የዛሬ 1700 ዓመት ገደማ እንዲህ ያለውን ቤት በድንጋይ ቀረጸው። ላሊበላ ላይ ቤተ አማኑኤልን ብታዩ ያው የእንጨትና የድንጋይ ድርድር ከአለት ተፈልፍሎ ታገኙታላችሁ፣ መስኮቶቹም ማዕዘን ማዕዘናቸው ላይ አራት ማዕዘን ጉጥ አላቸው።

እንግዲህ ይህ ምን ይጠቅማል? ለቡፌ ይጠቅማል! የአዲስ አበባ ሰው ኪራይ እየቀያየረ ነው የሚኖረው። ኮንዶሚኒየሙ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለም፣ ደረጃው ጠባብ ነው። ቡፌና ቁም ሳጥን ሲወጣ ግድግዳ ይፍቃል፣ ሲወርድ ይሰበራል። ችፑድ ከሆነ ደግሞ አንዴ የተፈታ ብሎን ሁለተኛ አይነክስም፤ ከሁለት ሦስት ቤት ለውጥ በኋላ ዕቃው ያረጃል። እኔ አሁን የምሠራው ቡፌ አግዳሚው በቋሚው ውስጥ አልፎ በወዲያኛው በኩል ጫፉ ይወጣል። የወጣው ጫፍ ላይ ቀዳዳ አለ፣ እዚያ ሽብልቅ ይገባል። ሽብልቁን በመዶሻ መታ መታ ስታደርጉት ቡፌው ድርቅ ብሎ ይቆማል። ልትገቡ ልትወጡ ሲሆን ሽብልቁን ትነቅላላችሁ፣ ቡፌው ሳንቃ ሳንቃ ሆኖ በአንድ ሰው ትከሻ ደረጃ ይወርዳል። ሚስማር የለው፣ ብሎን የለው። ከውጭ ሲታይ ደግሞ በየማዕዘኑ የወጣው ጫፍ የአክሱም መስኮት ነው። ጌጡና ሥራው አንድ ሆኑ። አንዲት ደንበኛዬ ዕቃውን ይዛ ቤት ቀይራ ደወለችልኝ፤ «ወንድሜ ብቻውን ገጠመው» አለችኝ። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም።

ለምትሠሩት አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። የወጣው ጫፍ ከሽብልቁ ቀዳዳ በኋላ ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር ይቅርለት፣ አለበለዚያ ሽብልቁ ሲመታ ጫፉ ተሰንጥቆ ይወጣል። ሽብልቁን ከወይራ ወይም ሌላ ጠንካራ እንጨት ሥሩት። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ደህና አድርጋችሁ አለስልሱት፣ ሰው ሲያልፍ ክርኑን ይመታዋል።

ከዶርዜ የወሰድኩት ነገር ትንሽ ነው ግን እወደዋለሁ። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሸምኖ በጣም ረጅም ሆኖ ይሠራል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ ዝቅ ይላል እንጂ አይፈርስም፤ እንደሚበላ ታስቦ ነው ቁመት የተሰጠው። ለእኛ ቤት ምስጡ የወለል ውልወላ ነው። ቤት በተወለወለ ቁጥር ውኃው ወደ ችፑዱ ሥር ይገባል፣ ያብጣል፣ ይላጣል፤ መደርደሪያው ከላይ አዲስ ሆኖ ከታች ይበሰብሳል። ስለዚህ የምንሠራው መደርደሪያ ሁሉ እግሩ ለብቻው የሚነቀል ድፍን እንጨት ነው፣ ቁመቱም ሊቆረጥለት ታስቦ ትርፍ አለው። ከሥር የተጎዳውን ቆርጦ መጣል ወይም አዲስ እግር መተካት ይቻላል። ይህን ሐሳብ ያመጣችው አብራኝ የምትሠራ ወጣት አናጺ ናት። አያቷ ቤት እንዴት እንደሚያጥር ስትነግረኝ ነው የገባኝ።

ጠፍር አልጋም አለ። የበሬ ቆዳ በቀጭኑ ተተልትሎ፣ እርጥብ ሆኖ ይወጠራል፣ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይጠብቃል። ለአግዳሚ መቀመጫና ለወንበር በጣም አሪፍ ነው። አየር ያስገባል፣ እንደ ስፖንጅ አይሰምጥም፣ ሲላላ እንደገና ይወጠራል። ግን ሲደርቅ የሚስብበትን ኃይል አትናቁት፤ ማዕቀፉ ቀጭን ከሆነ ወደ ውስጥ ያጎብጠዋል። መሐሉ ላይ ደጋፊ አግዳሚ ይግባበት። ቆዳው በደንብ ያልጸዳ ከሆነ ደግሞ ክረምት ላይ ይሸታል፣ ስትገዙ አሽትቱት።

መሶብንም አንርሳ። መሶብ ክብ ስለሆነ ዳር የሚቀር ሰው የለም፤ «ና ብላ» የተባለ ሰው ጠጋ ጠጋ ተብሎ ቦታ ያገኛል። አራት ማዕዘን የምግብ ጠረጴዛ ላይ አምስተኛ ሰው የማዕዘኑ ጫፍ ሆዱን እየወጋው ነው የሚበላው። ጠባብ ሳሎን ላላቸው ወጣት ባልና ሚስቶች 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጠረጴዛ ከአራት በርጩማ ጋር እንዲወስዱ እመክራለሁ። በርጩማዎቹ ከጠረጴዛው ሥር ይገባሉ።

እነዚህን ሁሉ ስናገር የድሮውን እንመልስ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። የድሮው ቤት ጭስ ነበረበት፣ ውኃ የሚቀዳው ከሩቅ ነበር፤ ማንም ወደዚያ መመለስ የለበትም። እኔን የሚያሳስበኝ ለልጆቻችን የምንተወው ነገር ነው። ዛሬ ከምንገዛው ዕቃ ስንቱ ነው ለልጅ የሚተርፈው? ጠፍር አልጋውን የሠራው ሰው የልጅ ልጁ እንደሚተኛበት አምኖ ነው የሠራው። ያንን እምነት ነው ወደ ሥራችን መመለስ የምፈልገው፣ ዕቃው በዘመኑ ቤት፣ በዘመኑ መሣሪያ ተሠርቶ።

ይህ መንገድ ሩቅ እንደሚያደርስ ምስክር አለ። አሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖረው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ዲዛይነር ጆሞ ታሪኩ ከመቋሚያ ወንበር ሠርቷል፣ ከሙቀጫ በርጩማ ሠርቷል፣ ከኒያላ ቀንድ መነሻ አድርጎ የሠራው ወንበር ደግሞ ዓለም ያወቀው ሥራው ነው። ሥራዎቹን ስታዩ ላያቸው ላይ የተለጠፈ መስቀልም ጥለትም የለም። መቋሚያው ራሱ ሰው ይሸከማል። እዚህ ያለን አናጺዎች ከእሱ ልንማር የሚገባን ይህን ድፍረት ይመስለኛል፣ አንድን የምናውቀውን ዕቃ ወስዶ ሌላ ሥራ መስጠት።

ለመጀመር የምትፈልጉ ከስልክ ፎቶ ውጡ። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው ሙዚየም ግቡ። ብሔራዊ ሙዚየምም ቅርብ ነው፣ ትልቁን የተቀረጸ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዙፋን እዚያ ታያላችሁ። ደብተርና እርሳስ ያዙ። ፎቶ ካነሳችሁ ታልፉታላችሁ፣ ስትስሉት ግን እግሩ የት እንደሚገባ፣ ውፍረቱ የት ላይ እንደሚቀንስ ታያላችሁ። ብርኩማ ካገኛችሁ በደንብ ሳሉት፤ ያቺ ትንሽ ትራስ አንገት የምታርፍበትን ኩርባ እንዴት እንደያዘች አይታችሁ የወንበር መደገፊያ ላይ ሞክሩት። ክፍለ ሀገር ዘመድ ቤት ስትሄዱ ደግሞ ዕቃውን ገልብጣችሁ ከሥር እዩ። እትዬ ይፈቀድልኝ ብላችሁ ጠይቁ፣ ደስ ብሏቸው ታሪኩን ይነግሯችኋል።

ስለ ዋጋም በግልጽ ተነጋገሩ። እንዲህ ያለ ዕቃ ከተዘጋጀ ችፑድ ይበልጣል፤ ደንበኛው ይህን ከመጀመሪያው ይወቅ። ከጅማም ሆነ ከሌላ ቦታ ጠራቢ ካሠራችሁ በቀኑ ልክ ክፈሉት። በርጩማ በቁጥር እየተከፈለው የሚሠራ ሰው ልጁን ይህን ሙያ አያስተምርም።

ማጠናቀቂያው ላይ እኔ ቫርኒሽ እየተውኩ የተልባ ዘይት ነው የምጠቀመው። በጣም ስስ አድርጎ መቀባት፣ ትርፉን በጨርቅ መጥረግ፣ ቀናት ማቆየት፣ እንደገና መቀባት። ቢጫር በዚያው ዘይት ይመለሳል። ግን ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ ጥግ ላይ አትጣሉት፤ እየሞቀ ሄዶ በራሱ እሳት ሊይዝ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ዕቃው አልቆ ከመውጣቱ በፊት ከሥሩ አራት ነገር እንጽፋለን፤ የእንጨቱን ዓይነት፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ የሠራውን ሰው ስምና ሽብልቁ ከየት በኩል እንደሚነቀል። ከዓመታት በኋላ የሚጠግነው አናጺ ሳይሰብር እንዲፈታው ነው። በእርሳስ አትጻፉት፣ ይጠፋል፤ በጋለ ብረት ወይም በመሮ ይሁን።